የጃፓኗ ብልቃጥና የእኛ ጀበና

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምንሄሰው ልቦለድና ግጥም፣ አልፎ አልፎም ቴያትር ነው። ዛሬ ግን የምንሄሰው አንዲት የከረሜላ ማስቀመጫ ነች። አንባቢ «እነዚህ ልጆች ደግሞ ምን ነካቸው?» ቢል አንቀየምም፤ እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን ስለዚህች ዕቃ በክበባችን የተነሣው ክርክር ስለ ብዙ መጻሕፍት ከተከራከርነው የበለጠ ጓደኛን ከጓደኛ ያኳረፈ፣ በመጨረሻም እኛን ራሳችንን ያሳፈረ ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፉ ልክ መስሎ አልታየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር እዚሁ ልደታ ግቢ ባደረግነው የክበብ ምሽት አንድ ጓደኛችን በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። አጎቱ ጃፓን አገር ለትምህርት ሄዶ ሳለ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛት ናት። ሳጥኗ ስትከፈት አንዲት ብልቃጥ ብቅ አለች። ቁመቷ ከመሐል ጣት እምብዛም አይበልጥም። ሆዷ ክብ፣ አንገቷ አጭር፣ አፏ ጠባብ ነው። ላይዋ እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ጥቁር ቡናማ ልባስ ተሸፍኗል። ልባሱ ከትከሻዋ ጀምሮ ወደ ታች ፈስሶ እግሯ ጋ ሳይደርስ ቆሟል፤ ከዚያ በታች ያለው ራቁቱን የቀረ ሸካራ ሸክላ ነው። በአንድ ጎኗ ልባሱ ወፍሮ አንዲት ጠብታ ልትወድቅ ስትል እዚያው ደርቃ ቀርታለች። ዕቃዋ ይህችው ናት፤ ሥዕል የላት፣ ወርቅ የላት።

ጃፓኖች ይህችን ዓይነት ዕቃ «ፉሪዳሺ» ይሏታል። «ነቅንቆ ማውጣት» እንደ ማለት ነው። ሥራዋም በስሟ ውስጥ አለ። በሻይ ሥርዓታቸው እንደ ዱቄት የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ ይጠጣል፤ ሻዩ መራራ ስለ ሆነ እንግዳው አስቀድሞ ጣፋጭ ይቀምሳል። ለጉዞና ለውጭ የሚሆነው የሻይ ዕቃ ሁሉ ተጠቃሎ ከአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ብልቃጧም ከዚያ ውስጥ ቦታ አላት። እንግዳው ሲደርሰው ብልቃጧን ዘንበል አድርጎ ይነቀንቃታል፤ ጥቃቅን የስኳር እንክብሎች ኮለል እያሉ ይወጣሉ። አፏ የጠበበው ለዚህ ነው። ማንም እጁን ከትቶ አይዘግንም፤ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ይደርሰዋል። እኛ ከሳጥኗ ጋር ምንም ጣፋጭ ስላልነበረን ሽምብራ ቆሎ ጨምረን ሞከርን። ሽምብራው ተሰነቀረና ሳቅ ሆነ።

እንክብሎቹ «ኮንፔይቶ» ይባላሉ። በዙሪያቸው ጥቃቅን ጉጦች ያሏቸው ኮከብ መሰል ናቸው። የሚሠሩት የስኳር ውሃ በጋለ ምጣድ ላይ በሚንከባለሉ ፍሬዎች ላይ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ሲሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ቃሉ ግን ጃፓንኛ አይደለም፤ ከፖርቱጋልኛው «ኮንፌይቶ» የመጣ ነው። እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ጆሮው ቆመ። እውነትም የሚያስገርም ነው፦ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ የወረደው እ.ኤ.አ. በ1541 ነው፤ ፖርቱጋሎች ጠመንጃ ይዘው ከጃፓን ደሴት የደረሱት ደግሞ በ1543። በ1569 ሉዊስ ፍሮይስ የተባለው ሚስዮናዊ ኦዳ ኖቡናጋ ለተባለው የጃፓን የጦር አለቃ ይህንኑ የስኳር እንክብል በመስታወት ዕቃ ሞልቶ እጅ መንሻ አቀረበለት። ከዚያም ዓፄ ፋሲለደስ በ1632 ዙፋን ከያዙ በኋላ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ጃፓን በ1639 የፖርቱጋልን መርከብ ከለከለች። ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት እንግዳ ተቀበሉ፤ በአንድ ዘመንም ሸኙት። ጃፓኖች ግን ሰዎቹን አባረው ጣፋጩን አስቀሩ፤ ማስቀመጫውንም በገዛ ጭቃቸው ሠሩለት። እኛስ «ከረሜላ» የምንለው ቃል የጣልያን አይደለም እንዴ? እሱንም ያስቀረነው እንግዳውን ከሸኘን በኋላ ነው። መያዣው ግን እስከ ዛሬ ፌስታል ነው።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። በዚያ ምሽት ሦስት ወገን ሆንን።

የመጀመሪያው ወገን ውበት አምላኪ ነው። ብልቃጧን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ «ውበት ማለት ይህ ነው! ጉድለቱን አልደበቀም፤ የፈሰሰውን እንደ ፈሰሰ ተወው» አለ። ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ ድኻ መሳይ ውበት «ዋቢ» የሚል ስም እንዳላቸውም ነገረን። ሐቅ አለው። የሻይ ሊቃውንቱ በዓለም ላይ እንግዳ የሆነ ነገር አድርገዋል። በኪዮቶ ከተማ በዳይቶኩጂ ገዳም ውስጥ «ኪዛኤሞን» የምትባል ጣባ አለች፤ ዛሬ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ነች። ነገር ግን ጣባዋ በ16ኛው መቶ ዓመት ኮርያ ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ሸክላ ሠሪ የሠራት የተራ ሰው መብያ ናት። ሊቃውንቱ አንሥተው አዩዋት፣ ስም አወጡላት፣ በሐር ጠቀለሏት፣ ሳጥን ሠሩላት።

ሁለተኛው ወገን ግን ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «ገበሬው የዘራውን ሩዝ ገብሮ በረሃብ ሲያልቅ መሳፍንቱ ሻይ እያማሰሉ ድህነትን ይጫወቱበት ነበር!» አለ። ይህም ሐቅ አለው፤ እንዲያውም ወገኑ ከተናገረው በላይ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1598 የጃፓን ጦር ኮርያን ሲወር ብዙ ሸክላ ሠሪዎችን እየማረከ ወደ ደቡብ ጃፓን አጋዘ። የአሪታና የሳትሱማ ዝነኛ ሸክላ የተመሠረተው በነዚህ ምርኮኞች እጅ ነው። ወረራውን ያዘዘው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ራሱ የሻይ ወዳጅ ነበር፤ በ1591 ታላቁን የሻይ ሊቅ ሴን ኖ ሪክዩን ራሱን እንዲገድል የፈረደበትም እሱው ነው። እንግዲህ የኮርያን ሸክላ አደነቁ፤ የኮርያን ሸክላ ሠሪ ግን ማረኩ። ውበት አምላኪው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ብልቃጧን ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

ሆኖም ሁለተኛው ወገን ዕቃዋን አንድ ጊዜ እንኳ በእጁ አልያዛትም። የማን መጠቀሚያ እንደ ነበረች ነገረን እንጂ ምን እንደ ሆነች አልነገረንም። ያቺን ጠብታ ያቆማት መስፍን አይደለም። በምድጃ ፊት ላቡ እየተንጠፈጠፈ እሳቱን ያበርድ የነበረ ሠራተኛ ነው። ስለ ሠራተኛው እየጮኹ የሠራተኛውን ሥራ አለማየት ምን ዓይነት ወገንተኝነት ነው? በመጻሕፍት ሂሳችንም ይህ በሽታ አለብን፤ ደራሲው ለማን እንደ ቆመ እንናገርና ዐረፍተ ነገሩን ሳናነብ እናልፋለን።

ሦስተኛው ወገን፣ ሳንደብቅ እንናገር፣ እኛ ነበርን። ክርክራችን አጭር ነበር። «እነሱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሸክላቸውን መስታወት አለበሱት፤ የኛ ጀበና ግን ቅድመ አያቶቻችን እንደ ሠሩት እስከ ዛሬ ራቁቱን ነው። ኋላ ቀርነት ይኸው!» አልን። የዚህ አስተሳሰብ ምንጩ ሩቅ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን አምሳያው እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች?» ብለው መጽሐፍ ጻፉ። እነዚህን ታላላቅ ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ በዘመናቸው መጠየቅ የሚገባውን ጠይቀዋል። ነገር ግን ያ ጥያቄ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ እኛ ዘንድ የደረሰው ጠቦ ነው። ሥልጣኔ ስንል ፋብሪካ፣ ሕግና ትምህርት ቤት ብቻ ይታየናል። ጃፓንን ባነሣን ቁጥር ራሳችንን ለመውቀስ ዱላ እንፈልጋለን። በዚያ ምሽትም ብልቃጧን ዱላ አደረግናት።

ይህን ብለን ስንቀመጥ፣ ምሽቱን ሁሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰች አንዲት እኅታችን «አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች። ሁላችንም ዞርን።

«ይቺን ብልቃጣችሁን ከሰል ላይ ጣዷትና ምን እንደምትሆን እዩ» አለች። «ጀበና ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ እሳት ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ይጨመርበታል። አይፈነዳም። ለምን ይመስላችኋል?»

መልስ ያለው አልነበረም። የሕንፃ ትምህርት የምንማር ሰዎች ነን፤ ስለ ሲሚንቶና ስለ ጡብ ጥንካሬ ፈተና ተፈትነናል፤ ግን መልስ አልነበረንም። እሷው መለሰችልን። እንደ ብልቃጧ ያለው ዕቃ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል ዝግ ምድጃ ውስጥ ይተኮሳል። ጭቃው ራሱ ይጨማተራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ልባሱም ይቀልጥና መስታወት ይሆናል። ውሃ አያስገባም፤ ነገር ግን ድንገተኛ ሙቀትን አይችልም፣ ይሰነጠቃል። የኛ ሸክላ የሚተኮሰው በሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት እሳት ነው፤ ሙቀቱ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ቢሆን ነው። ጭቃው ላይ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ስለሚጨመር ገላው ሻካራና ቀዳዳማ ይሆናል። በእሳት ላይ ሲለጠጥና ሲኮማተር ስንጥቁ ሄዶ ሄዶ ከቀዳዳው ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ቀዳዳው ጉድለት አይደለም፤ ለእሳት የተበጀ ብልኀት ነው። ማለስለሻውም አለው፦ ሳይደርቅ በድንጋይ ይታሻል፤ ከእሳት ሲወጣ በጢስ ይጠቁራል።

«አንዷ ለስኳር ተሠራች፤ አንዱ ለእሳት ተሠራ። ማን ከማን ኋላ ቀረ?» ብላ ተቀመጠች።

አንዳችን «ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ?» አልናት። ትንሽ ዝም አለችና «እናቴ ቀጨኔ ሸክላ ትሠራለች» አለች።

እዚህ ላይ የሆነውን በሐቅ መጻፍ ግዴታችን ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ደግሞ የአክብሮት ብቻ አልነበረም። ከእሷ አጠገብ የተቀመጠው ጓደኛችን ዓይኑን መለሰ። ሌላው ሳል ቢጤ ሳለ። ስለ ጃፓን ሸክላ ሠሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ እፍረት ስናወራ የቆየን ሰዎች፣ የአዲስ አበባ ሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገባችን መሆኗን ስናውቅ አፋችን ተሳሰረ። ለምን? ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። ቃሉንም እናውቀዋለን፤ ሕፃናት ሆነን «ዓይናቸው ይበላል» እየተባልን አድገናል። ከዚያ ምሽት በፊት ከመካከላችን አንድ ሰው ስንኳ ቀጨኔ ወጥቶ ጭቃው ሲቦካ አላየም። የጃፓኑን «ዋቢ» ግን በየሥዕል ደብተራችን ጽፈነዋል።

ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። «ጠይብ» የሚለው ስድብ «ጠቢብ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ያው ጥበብ ኪነ ጥበብ ሲሆን ይከበራል፤ በሰው እጅ ላይ ጭቃ ሲሆን ይሰደባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ ስድቡ ምላስ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ «ጃፓን ሠራተኛውን አክባሪ፣ እኛ ናቂ» ብለን ብንጨርሰው ብልቃጧን መልሰን ዱላ ማድረጋችን ነው። ጃፓንም የናቀቻቸው ነበሯት፤ ቆዳ ፋቂዎችና የሞተ ከብት ገፋፊዎች በተለየ መንደር ይኖሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 በአዋጅ ነጻ ቢባሉም ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ዘልቋል። የእጅ ሸክላም ቢሆን በፋብሪካ ዕቃ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው ሐያሲ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ በ1920ዎቹ የተነሣው ለዚህ ነው። ተራ ሰው ለተራ ሰው የሠራውን ዕቃ እየሰበሰበ ጻፈ፣ ተከራከረ፣ በ1936 ቶኪዮ ውስጥ ሙዚየም አቆመለት። በ1955 የጃፓን መንግሥት ሐማዳን የአገር ቅርስ የሆነ ባለሙያ ብሎ ሰየመው፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን! ይህ በራሱ የመጣ አይደለም። አንድ ሐያሲና ጓደኞቹ ዐሥርት ዓመታት የደከሙበት ነው።

እንግዲህ የሂሳችን ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የብልቃጧ ሳጥን ክዳን ላይ በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ በጃፓን ልማድ እንዲህ ባለው ሳጥን ላይ የዕቃው ዓይነት፣ አንዳንዴም የሠሪው ወይም የመሰከረለት ሊቅ ስም ይጻፋል። ሳጥኑ ከጠፋ የዕቃው ዋጋ ይወርዳል። እኛ በመጀመሪያ ይህን ሰምተን ሳቅን፤ «ለሳጥን ነው እንዴ የሚከፍሉት?» አልን። አሁን ሳንስቅ እናስበዋለን። ዕቃን ዕቃ የሚያደርገው ጭቃና እሳት ነው፤ ተከብሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲያልፍ የሚያደርገው ግን በዙሪያው የሚነገረውና የሚጻፈው ቃል ነው። ሂስ ማለት ይኸው ሳጥን ነው። የኛ ጀበና ያነሰው በጭቃው አይደለም፤ ሳጥን የሚሠራለት አጣ። ሲሰበር ገል ይሆናል፣ ገሉም ይጣላል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት ራሱ ስለ እሷ ከተነገሩት ሁሉ ለስላሳው ነው።

ደግሞም እንጠንቀቅ። የኪዛኤሞን ጣባ ሳጥን አገኘች፤ ሠሪው ግን እስከ ዛሬ ስም የለውም። ዕቃውን አክብሮ ሠሪውን የሚረሳ ሂስ ግማሽ ሂስ ነው። እኛም በቅርቡ ጀበናን በየሆቴሉ በራፍ፣ በየፖስተሩና በየአዳራሹ የባህል ምልክት አድርገን ሰቅለናል። ጀበናዋ ወጣች፤ ሴትዮዋ ቀጨኔ ቀረች።

ክርክሩ አልቆ ስንወጣ ከግቢው በር ውጭ ቡና ከሚያፈሉት እትዬ ዘንድ ተቀመጥን። ከረከቦቱ ላይ ስኒዎቹ ተደርድረዋል። «ስኒ» የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «የቻይና» ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተነጋገርን። የራሳችን ብለን በምንኮራበት ቡና ላይ እንኳ የባዕድ አገር ሸክላ በስሙ ይጠራል፤ የገዛ አገራችን ሸክላ በጎኑ ያለ ስም ይንተከተካል። ስኳሩ በቆርቆሮ ጣሳ ነበር። እትዬን «ይህን ጀበና ማን ሠራው?» ብለን ጠየቅናቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ! ከገበያ ነው» አሉን። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

እኅታችንም አብራን ነበረች። ጀበናውን በጆሮው ብድግ አድርጋ ሥሩን አየችና «የእማዬ አይደለም፤ አንገቱን እንዲህ አትሠራም» አለች። ሁላችንም ዝም ብለን ስናየው ከቆየነው ጀበና ውስጥ እሷ የሰው እጅ ታነብ ነበር። ከሦስቱ ወገን አንዱም በዚያ ምሽት እንዲህ ያለ ሂስ አልሰነዘረም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የእናቷን ስም በርዕሱ ሥር ልናወጣ ፈልገን ነበር። ደስ ይላታል ብለን ገምተን ሄደን ነገርናት። እሷ ግን «የጻፋችሁትን ጻፉ፤ የእናቴን ስም ግን አታውጡ፤ የእኔንም። እኔ እዚህ ግቢ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል» አለችን። ልንከራከራት አፋችንን ከፈትንና ዘጋነው። በዚያ ምሽት ዓይኑን የመለሰው ጓደኛችን ከእኛው ከአዘጋጆቹ አንዱ ነውና ምን እንበላት?

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጎዶሎ ነው። ሳጥኑን ሠርተናል፤ ክዳኑ ላይ ግን ስም የለም። ስሙ እንዲጻፍ የምንፈልግ ከሆነ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ሸክላዋ ሳትሆን እኛ ነን፤ በዚህ ግቢ ተቀምጠን ይህን የምናነበው ሰዎች። አንባብያን ሆይ፣ ለሚመጣው እትም ስለ አንድ በየቀኑ ስለምትይዙት ዕቃ፣ ማን እንደ ሠራው ጠይቃችሁ ጻፉልን። መልሱ «ከገበያ ነው» ከሆነ አትላኩልን፤ ገበያው ድረስ ሂዱ። ብልቃጧ ወደ ሳጥኗ ተመልሳለች። በሚቀጥለው ምሽታችን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ጀበና ነው፤ ቡናም አለ።